ልዋጭ

ከሻርጃ ወዲያ ማዶ፣ መንገዱ ሲያልቅ፣
አሸዋው ላይ አለ መጋዘን ትልቅ።
በሩ ላይ ተስሏል አረንጓዴ ቅጠል፤
እሱ ብቻ ነው እዚህ በሐምሌ የማይቃጠል።

ከሚዞረው ጎማ ዳር፣ ስድስተኛዋ ነኝ፤
«ስድስት» ይለኛል ሻጂ፤ ዘምዘም ብሎ አይጠራኝ።
ጎማው ሳያቋርጥ ያመጣል፣ ያመጣል፤
አንዳንዱ የውኃ ጠርሙስ ሳይከፈት ይመጣል።
ከባሕር ቀድተውት፣ ጨውን አስተፍተውት፣
በስንት እሳት አንጥረው፣ ስም አውጥተውለት፣
አንድ ጊዜ ጎንጭተው፣ ወይ ደግሞ ረስተውት።

ሱኒታ ከጎኔ ቆርቆሮ ትለቅማለች፤
ቀይዋ መብራት ከራስጌ «ፍጠኑ» ትላለች።
የእኔ ድርሻ ፕላስቲክ ነው፤ ነጩን ከሰማያዊ፣ ለስላሳውን ከደረቅ።
ማሽኑ በብርሃኑ ያልለየውን፣ እጄ ነክቶ ያውቃል።
የት ተማርሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

አባቴ ልዋጭ ነበር።
የማዳበሪያ ጆንያ በትከሻው ጥሎ፣
ከቦርከና ወዲህ፣ ከቦርከና ወዲያ፣ «ልዋጭ! ልዋጭ!» ብሎ፣
የተቀደደ ሱሪ ሲያቀብሉት በጓሮ፣
ብርጭቆ ይሰጣል ቆጥሮ፣ ተከራክሮ።
የሞተ ጫማ ሲያገላብጥ፣ እንደ ሐኪም ነበር፤
«ይሄ ገና ነው» ይላል፤ «ነፍሱ መች ወጣና ይቀበር?»
ጎማው በርባሶ ሆነ፣ ጣሳው ኩራዝ ሆነ፤
የሚጣል ከማጣቱ፣ ቅርጫታችን መነነ።

ልደብቀው አልችልም፤ አፍሬበታለሁ።
በትምህርት ቤቱ አጥር ሲያልፍ፣ ድምፁን ስሰማ፣
እርሳስ እንደወደቀባት ልጅ
ጆንያው ማዶ እስኪሻገር ከዴስክ ሥር ቆይቻለሁ።

ትናንት እንግዶች መጡ፤ ቆብ ተደፍቶላቸው፣
በላስቲክ ተሸፍኖ ውድ ጫማቸው።
ሲያወሩ ከዓይኔ ቀድሞ፣ ጆሮዬ ሰማ፤
«ለልምድ ልውውጥ ነው» አሉ፣ ከእኛው ከተማ።
ሰፊ ከረባት ያሰረው፣ መሐረቡ አፍንጫው ላይ፣
ለአስጎብኚው ሲያስረዳ፣ ዓይኑ ማሽኑ ላይ፣
«በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሥራ ገና አልተጀመረም፤
ከባዶ ነው የምንነሣው» አለ።
አስተርጓሚውም አላረመም።

ባዶ።
የአባቴ ትከሻ፣ ገመዱ የቦረቦረው፣
ባዶ።
ምን አለሽ ተራ፣ ከንጋት እስከ ምሽት ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ፣
መዶሻውን በሰማ ሰው ጆሮ ውስጥ፣
ባዶ?

አፌ ላይ ጭምብል አለ። ጎማው ይጮኻል። ሻጂ ያየኛል።
ሃያ ዓመት የዋጥኩት አንድ ቃል ጉሮሮዬን ይዞኛል።
ጭምብሌን ዝቅ አደረግሁና፣
«ዋ»ን እንደ እሱ አስረዝሜ፣ «ጭ»ን እንደ እሱ ቆርጬ፣
«ልዋጭ!» አልኩ።
«ልዋጭ! ልዋጭ!»

ሱኒታ ደነገጠች። ቆርቆሮ አመለጣት።
ሰውዬው ዞር አለ፤
ላንዳፍታ፣ ወላሂ፣ ልጅ ሆነ፤
እናቱ «ሩጥ፣ ያን አሮጌ ኮት አምጣ፣
ልዋጩ ሳያልፈን» ያለችው ልጅ።
እጁም ወደ ኮቱ ቁልፍ ሄዶ ነበር።
ከዚያ ከረባቱን አስተካከለ፤
ፎቶ ወደሚነሡበት፣ ወደ ቅጠሉ ሄደ።

የግማሽ ቀን ደሞዝ ተቆረጠብኝ። ይቆረጥ።

አመሻሽ ላይ፣ ጎማው የእንግዶቹን ጠርሙሶች አመጣ።
አንዱ ሁለት ጉንጭ ብቻ ነው የጎደለው።
ክዳኑን ለብቻ አልኩ፤
የእኔ የሥራ ሰዓት አልቆ ነበርና፣
ውኃውን ቆሜ ጠጣሁት፤ ሞቋል፤
ጠርሙሱን ለብቻ አልኩ።

እሱ የተረፈውን ሰጠኝ፤ እኔ የቀረኝን ቃል ሰጠሁት።
ልውውጥ ማለት ይሄ ከሆነ፣ ተለዋወጥን።
አባቴ ቢሆን ግን
ብርጭቆም ይጨምር ነበር።